ከአልዌሮ የተመለሰች መኪና ዘይቷን ማን ይክፈል?

አዲስ አበባ ላይ ፎር ዊል ድራይቭ መኪና የሚያከራይና የሚከራይ ሲዋዋሉ የማይነሳ ነገር የለም። የቀኑ ሒሳብ ይነሳል፣ የሹፌሩ አበል ይነሳል፣ ነዳጅ በተከራይ መሆኑ ይጻፋል፣ ጎማ ቢፈነዳ ዕዳው የማን እንደሆነ ሳይቀር ክርክር ይካሄድበታል። በመጨረሻ «ዘይትና ሰርቪስ በአከራይ» የምትል አንዲት መስመር ትገባና ፊርማ ይደረጋል። ዘይት ሲባል ግን ሁለቱም ወገኖች የሚያስቡት የሞተሩን ብቻ ነው። የካምቢዮው፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው የትራንስፈሩ፣ እንዲሁም የሁለቱ ዲፈረንሻሎች ዘይት ከውሉም ከሐሳቡም ውጪ ናቸው። መኪናዋ ቢሾፍቱ ደርሳ የምትመለስ ከሆነ ይህ ብዙም አያስከፋም። ጋምቤላ፣ ያውም በክረምት ወደ አልዌሮ ግድብ የምትወርድ ከሆነ ግን ያቺ ያልተጻፈች መስመር ከውሉ ሁሉ ውድ ሆና ትገኛለች።

አልዌሮ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፣ በአቦቦ ወረዳ የሚገኝ ግድብ ነው። በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ሲጀመር ከ10 ሺህ ሔክታር በላይ በመስኖ እንዲያለማ ታስቦ ነበር። ብዙ ዓመት ውሃውን ይዞ ያለ ሥራ ከተቀመጠ በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ሳውዲ ስታር ለሩዝ እርሻ 10 ሺህ ሔክታር ሲረከብ ስሙ በኢንቨስተሩ ዘንድ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ መሬት ሊያይ የሚሄደው፣ እርሻ ሊገመግም የሚላከው የባንክ ሰው፣ ፓምፕና ትራክተር የሚሸጠው ነጋዴ፣ የስደተኛ ካምፖችን የሚጎበኘው ድርጅት ሁሉ ወደዚያ አገር መኪና ይፈልጋል። የራሱ የሌለው ይከራያል።

የመንገዱን ጠባይ ማየት ያስፈልጋል። በጅማ፣ በበደሌና በመቱ አድርጋ ጎሬ የደረሰች መኪና ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ቡሬን አልፋ ቁልቁል ስትወርድ ጋምቤላን የምታገኛት 500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይነካል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደግሞ ዝናብ ነው፤ ባሮ ይሞላል፣ ሜዳው ይተኛበታል፣ ጥቁሩ አፈር ጎማ አልለቅም ይላል። ሹፌሩ ፎር ዊሉን ያስገባል፣ ከባድ ማርሽ ይይዛል፣ ውሃም ካለ ይገባበታል።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ። ዲፈረንሻል ሲሠራ ይግላል፤ በውስጡ ያለው አየርም አብሮ ይሰፋል። የጋለው ብረት ድንገት ውሃ ውስጥ ሲነከር አየሩ ይኮማተርና ከውጭ ይስባል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራች ትንሽ መተንፈሻ አለች። እሷ በጭቃ ተደፍና ወይም ራሷ ውሃ ውስጥ ገብታ ከሆነ፣ የሚሳበው ውሃ ነው። ያረጀው የዘይት ማገጃ ጎማም እንደዚሁ ያሳልፋል። ውሃውና ዘይቱ በጥርሱ ሲመቱ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ይወጣቸዋል። ማኪያቶ ደግሞ ኩሽኔታ አያለሰልስም። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር በገበያው ውስጥ ዋጋ ያላገኘው ጉዳቱ ወዲያው ስለማይታይ ነው። መኪናዋ ከአልዌሮ በሰላም ትመለሳለች፣ ታጥባ ትወለወላለች፣ ተከራዩ ሒሳቡን ዘግቶ ይሄዳል። ዝገቱ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ፣ ምናልባትም ወላይታ ሶዶ መንገድ ላይ፣ ከኋላ ጩኸት ይሰማል። ያን ጊዜ በመኪናዋ ላይ ያለው ሌላ ተከራይ ነው።

ኢኮኖሚስቶች ይህን ዓይነት ነገር ያውቁታል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዥ የማያውቅበት ገበያ ደህናውን ዕቃ እያባረረ ብልሹውን እንደሚያስቀር ያሳዩት ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርገው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። አሜሪካኖች ብልሹ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። በእኛ ዘንድ ሎሚ በጥምቀት ለወደዷት የሚወረወር ነውና ስሙ ላይገጥም ይችላል፤ ነገሩ ግን ይገጥማል። የአዲስ አበባ ደላላ ሞተር ያስነሳል፣ ጭስ ያያል፣ ቀለም ያንኳኳል፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይጠራጠራል። የዲፈረንሻልን ቡሎን አስፈትቶ ያየ ደላላ ግን እምብዛም አይገኝም።

የመኪና ዋጋ እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን በቸልታ ማለፍ ይቻል ይሆናል። አሁን ግን አይቻልም። በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዶላር የሚገባ ሁሉ፣ ዘይቱም ኩሽኔታውም የዲፈረንሻሉም ጥርስ፣ አብሮ ወጣ። ልዩነቱ ዘይቱ የሚበላው ሁለትና ሦስት ሊትር መሆኑ፣ የተበላ ጥርስ ግን ሙሉ ዕቃ፣ የጋራዥ ቀንና የቆመ ኪራይ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ የእርሻ ፒክአፕ ያለው ኢንቨስተር ደግሞ ቀረጡን ሳይከፍል ሸጦ ልገላገል ማለት አይችልም።

ወፍራም ዘይት፣ ቀጭን እውቀት

ውል ከመጻፉ በፊት ግን «ምን ዓይነት ዘይት?» የሚለው መመለስ አለበት። በሶማሌ ተራም ሆነ በየከተማው ባሉ ሱቆች ብዙው ገዥ የማርሽ ዘይት የሚመርጠው በጣቱ ነው። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል አድርጎ ይስባል፤ ወፍራም ከሆነ ደህና ነው ይላል። ከበርሜል በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ያለው ማስረጃ ጣቱና አፍንጫው ብቻ ነው።

በቆርቆሮው ላይ የሚጻፉት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ውፍረቱ ነው፤ 75 ደብሊው 90፣ 80 ደብሊው 90፣ 85 ደብሊው 140 እየተባለ ይጻፋል። በነገራችን ላይ የማርሽ ዘይት 90 ቁጥር ከሞተር ዘይት 40 ቁጥር እጥፍ ይወፍራል ብሎ የሚያስብ አለ፤ ስህተት ነው። መለኪያቸው የተለያየ ስለሆነ 90 ቁጥሩ ውፍረቱ ከሞተር ዘይት 40 እና 50 ጋር የሚቀራረብ ነው። «ጋምቤላ ሞቃት ስለሆነ 140 አድርግበት» የሚለው ምክርም እንዲሁ ሲሰሙት ደስ ይላል እንጂ ለሁሉም አይሠራም። ብዙዎቹ የላንድ ክሩዘርና የሃይለክስ መመሪያዎች ለእኛ ዓይነት አየር የሚያዙት 90ን ነው። 140 ከባድ ጭነት ለሚሸከምና መመሪያው ለሚፈቅድለት መኪና ነው። ያለቦታው ከገባ ጥርሱን ያስጨንቃል፣ ነዳጅ ይበላል፤ በጎሬ ጠዋት ብርድ ደግሞ ኩሽኔታው ጋ እስኪደርስ ይዘገያል።

ሁለተኛው በቆርቆሮው ላይ ያለው ጽሑፍ ደረጃው ነው፤ ጂኤል 4 ወይም ጂኤል 5 ይላል። ዲፈረንሻል ውስጥ ጥርስ በጥርስ ላይ በከባድ ጫና እየተንሸራተተ ስለሚሠራ ጂኤል 5 ይፈልጋል፤ በውስጡ የድኝና የፎስፈረስ ቅመም በርከት ይላል፤ ያ የሚከረፋ ሽታ የድኙ ነው። በርካታ ማንዋል ካምቢዮዎች ግን በጂኤል 4 እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው። ማርሽ ሲቀየር ጥርሶቹን የሚያግባቡት የነሐስ ቀለበቶች በጂኤል 5 ይንሸራተታሉ፤ አንዳንዱ ቅመምም ነሐሱን ይበላዋል። «ጂኤል 5 ከ4 ይበልጣል፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይደረግ» የሚለው የጋራዥ አባባል እንግዲህ ካምቢዮን በውድ ዘይት መግደል ነው። ጂኤል 4ን ዲፈረንሻል ላይ ማድረግ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው ሁሉም ካምቢዮ 4 አለመሆኑ ነው፤ በብዙዎቹ የሱባሩ ማንዋል መኪኖች ካምቢዮውና የፊቱ ዲፈረንሻል አንድ ዘይት ስለሚጋሩ የሚታዘዘው ጂኤል 5 ነው። አውቶማቲኩ ካምቢዮ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ዘይት ነው፤ አንዳንዱ ትራንስፈርም እንደዚያው። ስለዚህ ዳኛው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ከዱባይ አብሮ ካልመጣ፣ ጠይቆ ከአስመጪው ማግኘት ከጎረቤት ሹፌር ምክር ይሻላል።

ራቭ ፎርን የመሳሰሉት የከተማ መኪኖች በብዛት የሚይዙት ዘይት በኋላው ዲፈረንሻል ግማሽ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ጥቂት ዘይት ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይበላሻል። አራቱም ጎማ ስለሚዞር ብቻ የአልዌሮን ጭቃ ይችላሉ ብሎ መላክ የባለቤቱ ምርጫ ነው፤ ልኮ ሲመለሱ ዘይቱን አለማየት ግን ምርጫ ሊባል አይገባውም። በአሮጌዎቹ ላንድ ክሩዘሮች በኩል ደግሞ የሚረሳው የፊቱ ዲፈረንሻል ነው፤ ከተማ ውስጥ ስለማይሠራ ዘይቱ ያረጀ አይመስልም። ወንዝ ሲገባ ግን ቀድሞ የሚነከረው እሱ ነው።

አምስት ደቂቃ የምትፈጅ ምርመራ

አከራዮች ውሃ ገብቷል አልገባም የሚለውን ማረጋገጥ አይቻልም ይላሉ። ይቻላል። መኪናዋ ሌሊቱን ቆማ ካደረች ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ጠዋት የማፍሰሻውን ቡሎን ጥቂት ላላ ቢያደርጉት ቀድሞ የሚንጠባጠበው ውሃ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ነጣ ብሎ ማኪያቶ ከመሰለም ያው ነው። ንጹሕ ዘይት ከወጣ ቡሎኑ መልሶ ይጠብቃል፤ የጎደለው ይሞላል። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ነው፤ ተከራዩና አከራዩ ቆመው ሊያዩት ይችላሉ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ከታች ያለው ከመፈታቱ በፊት ከላይ ያለው የመሙያው ቡሎን ይፈታ። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የመሙያው አልፈታ ካለ፣ መኪናዋ ባዶ ዲፈረንሻል ይዛ ቀረች ማለት ነው፤ አቦቦ ላይ ይህ ከደረሰ ደግሞ ተጎታች መጠበቅ ነው። ዘይት ሲለወጥ መኪናዋ ጥቂት ተነድታ ሞቅ ብላ፣ በሜዳ ላይ ቆማ፣ አዲሱ ከመሙያው ቀዳዳ ጥግ እስኪደርስ ይሞላል። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ እንደ ቅባት የላመ ብረት መገኘቱ የደንብ ነው። በጥፍር የሚነሳ ስባሪ ከተገኘ ግን ዘይት ለውጦ ማለፍ ራስን ማታለል ነው።

ኪሎ ሜትርን በተመለከተ የተለመደው 40 ሺህ ነው፤ ለከባድ ሥራ መመሪያዎች ግማሹን ያዛሉ። የጋምቤላ መንገድ ከባድ ሥራ ነው ብሎ መከራከር አያስፈልግም። ውሃ የገባበት ዘይት ግን 40 ሺህም 20 ሺህም አያውቅም፤ ከተለወጠ በማግስቱም ቢሆን ውሃ ከገባ ይለወጣል። ውሎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም በኪሎ ሜትር ስለሚቆጥሩ፣ 3 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዳ ከጎማዋ እምብርት በላይ ሦስት ጊዜ የተነከረች መኪና በወረቀት ላይ አዲስ ናት።

ሊጻፍ የሚገባው እንግዲህ ይህ ነው። መኪናዋ ስትረከብ የአራቱም ቦታ ዘይት ስምና ደረጃ፣ የተለወጠበት ኪሎ ሜትርም ይመዝገብ፤ ይህ የአከራይ ግዴታ ይሁን። መተንፈሻዎቹ በቀጭን ቱቦ ተረዝመው ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ እንዲሉ ማድረግም እንዲሁ፤ ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። ከጎማው እምብርት በላይ ውሃ ከተገባ ደግሞ የዘይት ለውጡ በተከራይ ይሁን። መንገዱን የመረጠው፣ ቀጠሮውን የያዘው፣ ሹፌሩን «ግባ» ያለው እሱ ነውና። ተጠቃሚው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ በሆነበት ቦታ ማንም ወንዙ እስኪጎድል አይጠብቅም።

ተከራዮች ይህን ሰምተው እንደማይወዱት የታወቀ ነው፤ «ሌላ አከራይ ሞልቷል» ሊሉም ይችላሉ። እውነት ነው፣ ሞልቷል። የዘይቱን ነገር የማያነሳው አከራይ ግን ያው ወጪ ከየትም አይመጣለትም፤ ወይ በቀን ሒሳቡ ውስጥ ደብቆ ከደረቅ መንገድ ተከራይ ላይ ሁሉ ይሰበስበዋል፣ ወይ አይለውጠውም። ሁለተኛው ከሆነ ተከራዩ ርካሽ ብሎ የያዛት መኪና ያለፈውን ተከራይ የባሮ ውሃ ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ለሦስት ቀን ሥራ ሄዶ ኢታንግ መንገድ ላይ ሁለት ቀን የቆመ ኢንቨስተር ያገኘውን ቅናሽ ደግሞ ራሱ ያስላው።

የቀረው ሹፌሩ ነው። ውሃ መግባቱን ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ሆኖ ሳለ ዝም የሚለው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ከተናገረ «ለምን ገባህ?» የሚባለው እሱ ነው። ለተናገረ ሹፌር ቅጣት እንደሌለበት በውሉ ውስጥ ካልተጻፈ፣ ከላይ የተባለው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ጊዜውም አለ። የብዙ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች የመኪና ኪራይ ውል የሚታደሰው በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ፣ ሐምሌ 1 ቀን ላይ ነው። በዚያን ጊዜ አልዌሮ ዙሪያ ያለው መሬት ውሃ ጠጥቶ ጨርሷል። የውሃው አንቀጽ በውሉ ውስጥ እንዲገኝ ከተፈለገ የጨረታ ሰነዱ ሲዘጋጅ፣ ቢዘገይ በግንቦት፣ መግባት ይኖርበታል።