እንቅርት ሁሉ በጨው ማጣት የመጣ አይደለም

በባሮ ወንዝ ዳር ያለችው የጋምቤላ ከተማ በንግድ የተነሣች መሆንዋን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ከተዋዋሉ በኋላ፥ ክረምት ሆኖ ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡት መርከቦች እስከዚያ ድረስ እየመጡ ጨውና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ያራግፉ፥ ቡናም ጭነው ይመለሱ ነበር። ጨው በምዕራቡ አገር ምን ያህል የሚፈለግ ዕቃ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ጨውና እንቅርት ስላላቸው ዝምድና ብዙ ተነግሯል። አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ከምግብ ሲጐድል፥ በጉሮሮ ፊት ያለችው ታይሮይድ የተባለችው ዕጢ ሥራዋን ለመፈጸም ስትደክም ታብጣለች። ስለዚህም በአገራችን ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ያበጠ አንገት ሁሉ ጨው የጐደለው ነው ተብሎ ሌላ ስሕተት እንዳይከተል ስለምናስብ፥ በዛሬው ዓምዳችን ስለ ሁለተኛው ምክንያት ጥቂት እንናገራለን።

ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሐሺሞቶ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1912 የአራት ሴቶችን ዕጢ መርምሮ በነጭ የደም ሕዋሳት ተሞልቶ እንዳገኘው ጻፈ። ነጭ የደም ሕዋሳት የሰውነት ዘበኞች ናቸው። ጠላት በሌለበት ስፍራ ለምን እንደ ተሰበሰቡ ግን በዚያ ዘመን የሚያውቅ አልነበረም። በ1956 በለንደን ሮይትና ዶኒያክ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው፥ የእነዚህ ሕሙማን ደም የገዛ ራሳቸውን ዕጢ የሚወጋ ፀረ አካል የያዘ መሆኑን አስረዱ።

ዘበኞቹ ያለ መልእክት አይንቀሳቀሱም። መልእክተኞቻቸው ሳይቶካይን ይባላሉ፤ ሥራቸውም በሽታ ሲገባ ሥጋን አስቈጥቶ ጭፍራውን መጥራት ነው። ይህ መልእክት ያለ ስፍራው ሲነገር ግን ቤት ጠባቂው ቤቱን ያፈርሳል። ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለው መልእክተኛ የዕጢዋን ሕዋሳት ዘበኞችን የሚጠራ ምልክት እንዲያሳዩ ያደርጋቸዋል፤ ቲ ኤን ኤፍና ኢንተርሉኪን አንድ የተባሉት ደግሞ የሕዋሳቱን ሞት ያግዛሉ። አዲስ የመጡት ዘበኞችም ሌላ መልእክት ስለሚልኩ እሳቱ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። ለዚህም ማስረጃ አለ፤ ቀድሞ ለጉበት በሽታ ኢንተርፌሮን በመድኃኒትነት ከተሰጣቸው ሰዎች አንዳንዶቹ የታይሮይድ በሽታ አግኝቷቸዋል።

የዚህ ጥፋት ፍጻሜ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንድ ጊዜ ዕጢዋ ትደክማለች፤ ያን ጊዜ ሰውየው ይዝላል፥ ይወፍራል፥ ብርድ ብርድ ይለዋል፥ ሐሳቡም ይዘገያል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፀረ አካሉ ዕጢዋን ያለ ዕረፍት ያሠራታል፤ ልብ ይመታል፥ እጅ ይንቀጠቀጣል፥ ሥጋ ይከሳል፥ ዓይንም ይፈጣል። በዚህ ደዌ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት የሚነሣበትም ጊዜ አለ።

ጋምቤላ ቆላ ናት፤ ሙቀቷም ብርቱ ነው። ሰው ሁሉ ጥላ በሚፈልግበት ቀን ጋቢ ተከናንባ የምትቀመጥ ሴት ብትኖር ወባ ነው ማለት የተለመደ ነው። በእርግጥም አስቀድሞ ደሟ ለወባ መመርመር ይገባዋል። ወባ ካልተገኘና ብርዱ ሳምንታት ከቈየ ግን ስለ ዕጢዋ ይታሰብ። እንዲሁም ሙቀቱን ፈጽሞ ያልቻለ፥ እየበላ የሚከሳ ሰው ቢኖር የአየሩ ጠባይ ነው ተብሎ አይተው።

እኛን ይልቁን የሚያሳዝነን፥ ሕመምተኛዋ በቤቷ «ሰነፍ» ወይም «ቍጡ» እየተባለች መኖሯ ነው። ደዌው ሳያንሳት ስድብ ሲጨመርባት፥ አባቶቻችን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ያሉት በእርሷ ተፈጸመ። አራስ ሚስቱ ስትዝል የሚቈጣ ባል፥ የጸሐፊውን መዘግየት አይቶ ደመወዝ የሚቀጣ ሹምም፥ ከመፍረዱ በፊት ወደ ሐኪም ቢልክ ሳይጸጸት ይኖራል። በደም ምርመራ የዕጢዋ ሥራ ይታወቃል፤ የደከመችውን ዕጢ የሚተካ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን አለ፤ ከመጠን በላይ የምትሠራውንም የሚገታ መድኃኒት አለ። ነገር ግን ኪኒኑ ተሻለኝ ብሎ የሚተዉት አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴት ይልቁንም ያለ ሐኪም ምክር ልታቋርጠው አይገባትም፤ በማሕፀን ያለው ሕፃን አእምሮው የሚያድገው በዚሁ ዕጢ ፍሬ ነውና።

ስለ ጨውም አንድ ነገር እንጨምር። አዮዲን በመጠን የገባበት የገበያ ጨው ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል፤ አይተው። ነገር ግን አንገት ስላበጠ ብቻ በራስ ፈቃድ የአዮዲን መድኃኒት መውሰድ አይገባም፤ ከመጠን ያለፈ አዮዲን በአንዳንድ ሰዎች ያንኑ የውስጥ እሳት ያባብሳልና። ስለዚህ አንባቢዎቻችን በቤታችሁ ያበጠ አንገት ስታዩ፥ የጐደለው ጨው ነውን? ወይስ ዘበኞቹ ተሳስተዋልን? ብላችሁ ሐኪም ትጠይቁ ዘንድ እናሳስባለን።