«ገባዎት?» ብሎ መሸኘት ይብቃ

ግልጽ ደብዳቤ በደምበጫና በአካባቢዋ የእግር እብጠት ታማሚዎችን ለምትከታተሉ የጤና ባለሙያዎችና ለሥራው ኃላፊዎች



በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው፣ ሰዉ ዝሆኔ፣ እናንተም ፖዶኮኒዮሲስ የምትሉት በሽታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች 17,553 ቤተሰቦችን ያዳረሰውና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች 3.3 በመቶው ታማሚ መሆናቸውን አሳይቷል።

ሕክምናው ያለው በታማሚው እጅ ነው። በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ጥቂት በረኪና በገባበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ሙከራም፣ እንዲህ ያለው እንክብካቤ ትኩሳትና ሕመም ይዞ እየተመላለሰ የሚጥለውን ግርሻ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ሥራው ሁሉ የታማሚው ከሆነ፣ «እችለዋለሁ» ብሎ በራሱ መተማመኑን የማንጠይቀው ለምንድን ነው? የተለመደው አሠራር የሚቆጥረው የሠለጠነውን ሰው፣ የታደለውን ሳሙናና ጫማ ነው።

ጎረቤቴን ይዤ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ በሄድኩበት ቀን አስተጣጠቡ በቃል ተነገራቸው። «ገባዎት እማማ?» ሲባሉ፣ «አዎ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ትምህርት ተሰጥቷል» ተብሎ ተመዘገበ። ቤታቸው ሲገቡ ግን በረኪናው በምን ያህል ውኃ እንደሚቀላቀል አላወቁም። ጎንበስ ብለው ጣቶቻቸውን ማድረቅ አቃታቸው። በበጋ ምንጩ ሲርቅ ደግሞ የሚቀዳው ውኃ ከወጥና ከመጠጥ አይተርፍም። በሽታው አንገት ያስደፋው ሰው በባለሙያ ፊት «አልችልም» ለማለት ያፍራል። «ገባዎት?» የሚለው ጥያቄም ከ«አዎ» ሌላ መልስ አያመጣም።

የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳስተማረው፣ ሰው አንድን ሥራ እንደሚችል ማመኑ ሥራውን በመጀመሩና በመግፋቱ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። ይህ እምነት የሚለካውም በየሥራውና በየእንቅፋቱ ነው። ስለዚህ «በእርሻ ወራት ደክሞዎት ሲገቡ እግርዎን እንደሚታጠቡ ምን ያህል ይተማመናሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥር ለሚከብደው አሥር የባቄላ ፍሬ ዘርግታችሁ፣ የተማመኑበትን ያህል እንዲያነሡ አድርጉ። ሦስት ካነሡ፣ ሰባቱን ያስቀረው ምን እንደሆነ ጠይቁና መልሱን በካርዳቸው ላይ ጻፉ።

ይህ ልኬት ታማሚውን መውቀሻ ወይም ሌላ የሪፖርት ማሟያ እንዳይሆን አደራ። መልሱ ዝቅ ሲል የጎደለውን ማሟላት የእናንተ ድርሻ ነው፤ ጎንበስ ማለት ላቃታቸው የሚያደርቅላቸውን የቤተሰብ ሰው ጠርታችሁ አሳዩ፣ ውኃ ለቸገረው ከቀበሌው ጋር ተነጋገሩ፣ ላልገባው በፊታችሁ በገዛ እጁ አሳጥቡት። በሚቀጥለው ቀጠሮም ያንኑ ጥያቄ ደግማችሁ ጠይቁ። ሪፖርታችሁ ስንት ሰው እንደሠለጠነ ብቻ ሳይሆን፣ ስንቱ ቤቱ ገብቶ እንደሚችል በራሱ እንደተማመነ ይናገር።

አክባሪያችሁ፣
የደምበጫ ነዋሪ