ግራፊን፤ ዋናው ቁም ነገር ያለው ከቅመሙ ላይ ነው

«ግራፊን» የሚል ስም ሲነሳ ኪሱን ለመዳበስ የሚቸኩል ባለሀብት አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2004 የእንግሊዙ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ከግራፋይት ላይ በፕላስተር ልጠው የለዩት ይህ የአንድ አተም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ፣ በ2010 የኖቤል ተሸላሚ አድርጓቸዋል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2013 የአሥር ዓመትና የአንድ ቢሊዮን ዩሮ ፕሮግራም ጀምሮለታል።

ይሁን እንጂ ንጹሕ ግራፊን ብቻውን ለገበያ የበቃ ሸቀጥ አይደለም። ኤሌክትሮኖች በውስጡ እጅግ ይፈጥናሉ፤ ቁጥራቸው ግን አነስተኛ ነው። መፍትሔው «ዶፒንግ» ይባላል፤ በንጣፉ ላይ ሌላ ሞለኪውል ማሳረፍ ነው። ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ኤሌክትሮን ይወስዳል፣ አሞኒያ ይሰጣል። የተወሰደው ኤሌክትሮን የሚተወው ክፍተትም ኤሌክትሪክ ስለሚሸከም በሁለቱም መንገድ የተሸካሚው ቁጥር ይጨምራል።

ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። በ2010 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች፣ የሳምሰንግ ባለሙያዎች ጭምር፣ 30 ኢንች የሚደርስ የግራፊን ፊልም ሠሩ። አራት ድርብ ሆኖ በናይትሪክ አሲድ ሲታከም ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ወደ 30 ኦም ገደማ ወርዶ፣ 90 በመቶ ያህል ብርሃን አሳልፏል። ይህም ለስክሪን ከሚውለው ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ጋር ለውድድር የሚያቀርብ ነው።

ችግሩ እንዲህ ያለው ሞለኪውል እንደ ተከራይ መሆኑ ነው። ሙቀት ሲበረታበት ቤቱን ለቅቆ ይሄዳል፤ የተገኘው ጥራትም አብሮት ይሄዳል። ይኸው ጠባይ ለጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ በረከት ነው፤ በ2007 የማንቸስተር ቡድን ነጠላ ሞለኪውል ስታርፍና ስትለቅ ለይቷል። ለዓመታት ማገልገል ላለበት ስክሪን ግን ኪሳራ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ሞለኪውል ስላረፈበት ብቻ ነጠላው ንጣፍ እንደ ሲሊከን በሚገባ የሚበራና የሚጠፋ ትራንዚስተር አይሆንም። «ነገ ሲሊከንን ይተካል» ብሎ አክሲዮን የሚሸጥ ደላላ ቢመጣ፣ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በመሆኑም ባለሀብቱ «ምን ያህል ያስተላልፋል?» በሚለው ጥያቄ ብቻ መርካት የለበትም። «ከሺህ ሰዓት በኋላስ? በሙቀትና በእርጥበት ውስጥስ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ልኬቱ ፊልሙ በታከመ በስንተኛው ቀን እንደተወሰደ በሰነዱ ላይ ካልሰፈረ፣ ቼኩን ባይፈርም ይሻለዋል።