መደጋገም ድኽነት ነውን?

አንዳንድ የሙዚቃ ሊቃውንት ሁለት ነገር ሲናገሩ ይሰማሉ። አንደኛው፥ የጥንት ዜማ ለቤተ መዘክር እንጂ ለሕያዋን ጆሮ አይሆንም ማለት ነው፤ ሁለተኛውም፥ ሚኒማሊዝም የተባለው ጥቂቱን ቃና እየደጋገመ የሚሄደው የዘመኑ ስልት የአሳብ ድኽነት ነው ማለት ነው። ለሁለቱም መልስ የሚሆን የእንግሊዛዊው የመዘምራን መሪ የፖል ሂሊየር ሥራ ነው።

ይህ ሰው በ1949 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተወለደ፤ በ1974 ሂሊያርድ አንሳምብል የተባለውን የመዘምራን ማኅበር ከባልንጀሮቹ ጋራ፥ በ1990ም ቲያትር ኦፍ ቮይስስ የተባለውን አቋቋመ። በፊተኛው ማኅበር፥ በ1200 ዓመት ገደማ በፓሪስ ኖትር ዳም ቤተ ክርስቲያን የተደረሰውን የፔሮቲንን ዜማ አሰማ፤ በዚያው አፍ የኤስቶኒያዊውን የአርቮ ፔርትን «ፓስዮ» አስቀርፆ በ1988 አወጣ። በ1997 ስለ ፔርት መጽሐፍ ጻፈ፤ በ2002ም የአሜሪካዊውን የስቲቭ ራይክን ጽሑፎች አሰናድቶ አሳተመ።

አሮጌውና አዲሱ በአንድ አፍ ሲዘመሩ ባዕድ አልሆኑም፤ ዝምድና አላቸውና። ፔሮቲን አንዱን ቀለም በረጅም ድምፅ አስይዞ፥ በላዩ ሦስት ድምፆች እየተመላለሱ እንዲሄዱ አደረገ፤ ራይክም ከእርሱ እንደ ተማረ ራሱ መስክሯል። ፔርትም ከ1968 በኋላ ጥቂት ብቻ እየደረሰ የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲመረምር ቈይቶ፥ በ1976 በደወል ስም የሰየመውን ስልቱን ይዞ ወጣ። እንግዲህ ልጁን ወድዶ አባቱን በቁሙ መቅበር ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ድኽነት ነው የሚሉትም ቃሉን ይመልከቱ። በ«ፓስዮ» የዮሐንስ ወንጌል የሕማማት ነገር ይዜማል፤ የዜማውንም አካሄድ የሚወስነው የቃሉ ቀለም ነው እንጂ የዘማሪው ጌጥ አይደለም። ጌጥን መተው ማጣት አይባልም፤ ጾመኛ ከመብል የሚከለከለው ጐተራው ባዶ ስለ ሆነ አይደለምና።

ነገር ግን የሂሊየር ወዳጆችም ልክ አይለፉ። መደጋገም ሁሉ ጸሎት አይደለም። የፔሮቲን ዜማ ለቅዳሴ ተሠራ፤ የራይክ ድርሰት ግን አብዛኛው ለትርኢት አዳራሽ ተሠራ። መንገዱ ቢመሳሰል መድረሻው ይለያያል። ሁለቱን በአንድ ማዕድ ያቀረበው መሪ ምስጋና ይገባዋል፤ ሰሚው ግን የትኛው ለአምላክ፥ የትኛውም ለጆሮ እንደ ተሠዋ ለይቶ ይስማ። አሮጌውን የናቀ ሥሩን ይቈርጣል፤ ሁሉን አንድ ነው ያለም ፍሬውን ከቅጠሉ አልለየም።