ልጆቻችን ሮም ላይ ምን ይበሉ?

ልጅን ሮም ድረስ ወስዶ የተጠበሰ የዶሮ ቁራጭና ቺፕስ ማብላት ልክ አይደለም። ጠንከር አድርጌ የምናገረው ልማዱ ስለተስፋፋ ነው። ወላጆች የኮሎሲየምን ትኬት ቀደም ብለው ይገዛሉ፣ የቫቲካንን ሰልፍ ይታገሣሉ፤ ምሳ ሲደርስ ግን ለራሳቸው የአገሩን ምግብ ያዝዛሉ፣ ለልጆቹ ደግሞ በየትኛውም አየር ማረፊያ የሚገኘውን። ምክንያታቸው «ልጅ አዲስ ነገር አይበላም» የሚል ነው።

ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። ልጆች እንግዳ ምግብ ይፈራሉ። ተመራማሪዎች እንዳሳዩት አንድ ሕፃን አዲስ ጣዕም እስኪለምድ ድረስ አንዳንዴ ከ10 ጊዜ በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ የአንድ ሳምንት ጉዞ ለዚያ አይበቃም። ከዚህ የምንማረው ግን ልጁን እንዳናስገድደው ነው እንጂ ጭራሽ እንዳናቀምሰው አይደለም።

ደግሞም ገበታው ላይ ለቅሶ የሚያስነሳው ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ነው። አብዛኞቹ የሮም ምግብ ቤቶች እራት የሚጀምሩት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲራመድ የዋለ የ5 ዓመት ልጅ በዚያ ሰዓት የሚያምረው እንቅልፍ ነው። ምግቡ እስኪመጣ ይነጫነጫል፣ ስልክ ይሰጠዋል፣ ሰሃኑ ሲቀርብ ቀና ብሎም አያየው። ከዚያ «ልጄ የጣሊያን ምግብ አይወድም» ተብሎ ይፈረድበታል። ፍርዱ ልጁን በድሎታል፤ የደከመ ልጅ የእናቱን ወጥም ይገፋል።

ስለዚህ ዋናው ማዕድ ምሳ ይሁን። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ትራቶሪያ የሚባሉት ቀለል ያሉ ምግብ ቤቶች ክፍት ናቸው፤ ልጁም ንቁ ነው። የልጆች ሜኑ ባይኖራቸውም ፓስታን በቅቤ ወይም በዘይት፣ ከላይ ፓርሜዛን አድርገው እንዲሠሩለት ብትጠይቋቸው አይገርማቸውም፤ የጣሊያን ልጆችም የሚበሉት ነው። ፓስታ ደግሞ ለእኛ ልጆች፣ አዲስ አበባም ይደጉ ዋሽንግተን፣ እንግዳ አይደለም። ማታ ምግብ ቤት መቀመጥ አያስፈልግም። በየሰፈሩ ፒዛ በመቀስ እየተቆረጠ በሚዛን ይሸጣል፤ ልጁ ራሱ በጣቱ ያሳያል፣ የፈለገውን ያህል ይቆረጥለታል፣ ወዲያው ይበላል። ሱፕሊ የሚሉት በቲማቲም የተሠራ የሩዝ ጥብስም አለ፤ ሲገምጡት መሐሉ ያለው ሞዛሬላ እንደ ክር ይሳባል፤ ይህን የሚጠላ ልጅ ብዙ አይገኝም። ጾም ላይ ለሚጓዝ ቤተሰብ ቲማቲም ብቻ የተቀባ፣ አይብ የሌለበት ፒዛ በየዳቦ ቤቱ ይገኛል። ውሃው በየመንገዱ ካሉት፣ ከ1874 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተተከሉት ናሶኒ ከሚባሉ ቧንቧዎች በነጻ ይቀዳል።

ሮም ስለዚህ ጉዳይ የራሷ ታሪክ አላት። በ1986 እ.ኤ.አ. ፒያሳ ዲ ስፓኛ አጠገብ ማክዶናልድስ ሲከፈት ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ስሎው ፉድ የተባለው የካርሎ ፔትሪኒ እንቅስቃሴም ስሙን ያገነነው ከዚያ ተቃውሞ ነው፤ መግለጫው በ1989 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ተፈረመ። የተቃወሙት፣ የእያንዳንዱ አገር ጣዕም በአንድ ዓይነት ምግብ እንዳይዋጥ ብለው ነበር። ያን ጣዕም ፍለጋ ባሕር የተሻገረ ወላጅ ልጁን ከዚያው ሲያጎድለው ያሳዝነኛል።

የእኛ ወላጆች ሲያደርጉት ደግሞ ይብሳል። ልጅ በጉርሻ የምናሳድግ ሕዝብ ነን። ልጆቻችን በርበሬን የለመዱት ለብቻ ሜኑ ተጽፎላቸው ሳይሆን፣ ከትልልቆቹ ትሪ ዳር ዳሩን እየቀመሱ፣ አንዳንዴም ምላሳቸው እየተቃጠለ ነው። ቤታችን ውስጥ የምናውቀውን ይህን ሥርዓት አውሮፕላን ላይ ስንወጣ የምንጥልበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ እናንት ወላጆች፣ በሚቀጥለው ጉዞ የልጆቹን ሜኑ ለአስተናጋጁ መልሱለት። ለልጁ የሚያውቀውን አንድ ሰሃን እዘዙለት፤ ከራሳችሁ ሰሃን ደግሞ አንድ ጉርሻ አቅምሱት። ካልወደደው አትቆጡት፤ ነገ ሌላ አቅምሱት።