የክሊኒክ ፈቃድ በአከራይ እጅ አይውደቅ

በአዲስ አበባ በርካታ የግል ክሊኒኮች የሚሠሩት ለመኖሪያ ተብለው በተገነቡ ቪላዎች ወይም በተከራዩት የሕንፃ ወለል ላይ ነው። ሐኪሙ ቤቱን እንደተረከበ ግድግዳውን በሚታጠብ ቀለም ያስቀባል፤ በየምርመራ ክፍሉ ውኃ አስገብቶ የእጅ መታጠቢያ ያስተክላል፤ ታማሚ በቃሬዛ እንዲገባ በሩን ያሰፋል። ራጅ ካለው ደግሞ ጨረሩ ወደ ጎረቤት እንዳያልፍ የክፍሉን በርና ግድግዳ በእርሳስ ብረት ያስለብጣል። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚፈሰው በሰው ቤት ላይ ነው። የብቃት ማረጋገጫው የሚሰጠውም ለዚያው አድራሻ ነው።

አከራዩ ኪራይ ልጨምር ያለ ቀን የሐኪሙ አቅመ ቢስነት ይገለጣል። ልብስ ሻጭ ቢሆን ዕቃውን ጭኖ ሌላ ሱቅ ይገባ ነበር። ክሊኒክ ግን አዲሱን ቤት እንደገና አድሶ፣ ተቆጣጣሪ አስመርምሮ፣ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ሥራ ያቆማል። በዚህ መሀል ነርሶቹና የላቦራቶሪ ባለሙያዎቹ ሌላ ቦታ ይቀጠራሉ። ለዓመታት የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ሲያደርጉ የቆዩ ታማሚዎችም ካርዳቸውን ፍለጋ ይንከራተታሉ። አከራዩ ይህን ስለሚያውቅ የጠራውን ዋጋ ያገኛል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪና ከአጭር ውል ይጠብቃል። ቪላው ክሊኒክ በሆነ ማግስት ግን ይህ ጥበቃ አይመለከተውም።

በዚህ ላይ የውጭ ምንዛሬው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለላቦራቶሪ ምርመራ የሚያገለግለው ኬሚካል (ሪኤጀንት) ከውጭ የሚገባ ነው። ብዙዎቹ የደም መመርመሪያ ማሽኖች ደግሞ ከአምራቻቸው ሪኤጀንት በቀር ሌላ አይቀበሉም፤ ስለዚህ ረከስ ያለ አማራጭ ፍለጋ መውጣት ዋጋ የለውም። ጥቂት ታማሚ ያለው ክሊኒክ ሙሉ ካርቶን ይገዛል፣ ግማሹ ጊዜው ያልፍበታል።

ይህ ሁሉ ጫና የት እንደሚያርፍ ማንም ታማሚ ያውቃል። ለጉሮሮ ሕመም የሄደ ሰው የማያስፈልገው ምርመራ ታዝዞለት፣ ኪሱ ተራቁቶ ይመለሳል። ታማሚ ለላከ ሐኪም ኮሚሽን የሚከፍሉ የምርመራ ማዕከላት እንዳሉም በሙያው ውስጥ በግልጽ ይወራል። የኪራይም ሆነ የዶላር መናር ለዚህ ሰበብ ሊሆን አይችልም፤ ታማሚ የባለሙያው አደራ እንጂ የኪራይ ማካካሻ አይደለም። ነገር ግን በሐቀኝነት የሚሠራውን ሐኪም እስኪዘጋ ድረስ የሚያስጨንቅ አሠራር፣ ገበያውን ለማይራሩት አሳልፎ እየሰጠ መሆኑን መንግሥት ሊያየው ይገባል።

ይህ ጋዜጣ የጤና ተቋማት የቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ሕግ ያስፈልገዋል ብሎ ያምናል። ውሉ ቢያንስ አምስት ዓመት ይሁን፤ የጭማሪው መጠንም ሲዋዋሉ ይታወቅ። የከተማው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም አድራሻ ለሚቀይር ነባር ክሊኒክ አዲሱን ቤት የሚመረምርበትን የጊዜ ገደብ ቆርጦ ያሳውቅ፤ አዲሱ ቤት እስኪፈቀድ ድረስም ክሊኒኩ በነባሩ ቤት እንዲቆይ ሕጉ አከራዩን ያስገድድ። ከኪራዩ ሌላ የክሊኒኮቹ ገቢም መታሰብ አለበት። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በዋናነት የሚዋዋለው ከመንግሥት ተቋማት ጋር ነው። መስፈርቱን ያሟሉ የግል ክሊኒኮችም በተወሰነ ዋጋ ይግቡበት። መድኑ የሚከፍለው የታዘዘው ምርመራ ለምን እንዳስፈለገ አይቶ ይሁን፤ ኮሚሽን ሲቀበል የተገኘ ሐኪምም የሙያ ፈቃዱን ይነጠቅ።