ሸክላችን አያብለጨልጭም ብለን አንናቀው

 

ቡና ሲፈላ ሲኒውንና ጀበናውን አስተውላችሁ እዩአቸው። ሁለቱም ከአፈር የተሠሩ ናቸው። ሁለቱም በእሳት የበሰሉ ናቸው። ሲኒው ግን ያብለጨልጫል፤ ጀበናው አያብለጨልጭም። «ሲኒው የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ ጀበናው ግን ያልሠለጠነ ሰው ሥራ ነው» የሚል አለ። ይህ አባባል ስሕተት ነው።

የሲኒው ማብለጭለጭ ምንድን ነው? በላዩ ላይ የቀለጠ መስተዋት ነው። ሠሪው ሦስት ነገር ፈጭቶ በውሃ ይበጠብጣል። አንደኛው መስተዋት የሚሆነው የአሸዋ ወይም የነጭ ድንጋይ ዱቄት ነው። ሁለተኛው ይህ ዱቄት ቶሎ እንዲቀልጥ የሚረዳ ነው፤ የእንጨት አመድ እንኳ ይህን ይሠራል። ሦስተኛው ቅቡ ከዕቃው ላይ እንዳይፈስ የሚይዝ ሸክላ አፈር ነው። ሠሪው ዕቃውን በብጥብጡ ይነክረዋል፤ ወይም ያፈስበታል፤ ወይም ይቀባዋል። ግርጌውን ግን ይጠርገዋል። ካልጠረገው ቅቡ ቀልጦ ከምድጃው ጋር ያጣብቀዋል። ሲኒ ገልብጣችሁ ግርጌውን ብትዳስሱ፣ ያልተቀባውን ሻካራ ክብ ታገኛላችሁ።

ይህ ቅብ ብርቱ እሳት ይፈልጋል። አሸዋ ብቻውን የሚቀልጠው በ1,700 ዲግሪ ገደማ ነው። አመድ ሲጨመርበት እንኳ 1,200 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። በደጅ በኩበትና በእንጨት የሚነደው እሳት ግን ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ነገሩ የምድጃ ጉዳይ ነው እንጂ የሰው ማነስ አይደለም።

ሸክላ ሠሪዋ በዚያው እሳት የራሷ ዘዴ አላት። ዕቃው ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ድንጋይ እያሸች ታለሰልሰዋለች፤ የአፈሩ ቀዳዳ ይጠባል። ከእሳት ሲወጣ በትኩሱ ገለባ ወይም ቅጠል ታለብሰዋለች፤ ጭሱ ገብቶ ያጠቁረዋል። አዲስ ምጣድ ደግሞ በጎመን ዘር ይሟሻል፤ ዘይቱ ተቃጥሎ ፊቱን ይደፍነዋል። የእኛ ቅብ ይህ ነው። እንስራ ግን ባለመቀባቱ ነው የሚጠቅመው። ውሃው በገላው ላይ እያላበ ይተናል፤ ሲተን የውስጡን ያቀዘቅዘዋል። እንስራውን እንደ ሲኒ ብትቀቡት ውሃው እንዲህ አይቀዘቅዝም።

አሁን አደጋውን ስሙ። በትንሽ እሳት የሚቀልጥ ቅብ አለ፤ እርሳስ ያለበት ነው። የምንጽፍበትን እርሳስ ማለታችን አይደለም። በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ከባዱን ብረት ማለታችን ነው። ይህ መርዝ ነው። ጠጅ፣ እርጎ፣ ሎሚና ሌላም ኮምጣጣ ነገር ከቅቡ ውስጥ እያሟሟ ያወጣዋል። የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ እርጉዟንም ይጎዳል። በሜክሲኮ አገር እንዲህ ባለ ሸክላ ሲበሉ የተጎዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ማንም የባትሪ እርሳስ ይዞ መጥቶ «ሸክላሽን ላሳምርልሽ» ቢል እንቢ በሉት። የዘይት ቀለም የተቀባ ዕቃም ለጌጥ ይቀመጥ እንጂ አይበላበት።

«ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል» ይላል ተረታችን። ለምን በገል ይበላል? ደኅናውን ዕቃ በርካሽ ስለምንወስድበት ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት ፈቀደ። ስድብን ግን አዋጅ ብቻውን አያጠፋውም። «ቡዳ ናቸው» እያልን በሠሩት ጀበና ቡና እንጠጣለን። ይህ ነውር ነው፤ እንተወው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሸክላ አፈር የሚቆፈርበትን ቦታ ማኅበራችን ለሠሪዎቹ ይጠብቅላቸው። ዕቃቸውን በሚገባው ዋጋ እንግዛ። የመስተዋት ቅብ እንሥራ ከተባለም፣ በጋራ ገንዘብ ደህና ምድጃ ይሠራ፤ ቅቡ እርሳስ የሌለበት መሆኑንም የሚያውቅ ሰው ያረጋግጥ።

ማንበብና መጻፍ የቻላችሁም ሥራ አላችሁ። ደብተር ይዛችሁ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ሂዱ። አፈሩ ከየት እንደሚወጣ፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ እሳቱ መቼ እንደሚበቃው ጠይቁና ጻፉ። እጇ የሚያውቀውን ደብተር ካልያዘው፣ ያ ሁሉ እውቀት ከእሷ ጋር ይቀበራል።